አንዲት ፊደል የበላቻቸው አምስት ወራት፦ የአንድ ማተሚያ ቤት የቴፕ መጠባበቂያ ጉዳይ

የካቲት 2009 ዓ.ም.፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የመምህሩ ቅኔ ከኮምፒውተሩ ጠፋ አሉኝ። ያ ያስገባሽልን ዕቃ አለ አይደል? ከእሱ አውጪልኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም። እኔም «አይስጉ ጋሼ፣ ከምሳ በፊት ይመለሳል» ብዬ ቃል ገባሁ። ያን ቀን ከምሳ በፊት የተመለሰ ነገር አልነበረም፤ በማግስቱም አልተመለሰም።

መጠባበቂያውን በቴፕ ላይ የሚጽፈው ድራይቭ በትክክል ተገጥሞ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ የሥራ መዝገቡ በየሌሊቱ «ተሳክቷል» እያለ፣ አምስት ወር ሙሉ የሚረባ ነገር ሳይጠብቅልን እንዴት እንደቆየ ከመነሻው ልተርከው። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ሀብቱ ግን አነስተኛ አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተቀመሩ የመጻሕፍት ገጾች፣ የሽፋን ሥዕሎችና በስካነር የተነሱ አሮጌ እትሞች በአንድ ሰርቨር ላይ ተከማችተው 1.1 ቴራባይት ደርሰዋል። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው «መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ፋይሉ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። የሚጎዳው እርማቱ ነው። አንድ ገጽ ተለቅሞ፣ ተነቦ፣ በቀይ ተሰርዞ፣ እንደገና ተለቅሞ፣ ደራሲው አይቶት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተነቦ ነው ገጽ የሚሆነው። ፋይሉ ሲጠፋ ያ ሁሉ ዐይንና ያ ሁሉ ምሽት አብሮ ይጠፋል።

ቀድሞ የነበረው መጠባበቂያ ከሰርቨሩ ጎን ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ገባና ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት ቆለፋቸው። ያኔ ያተረፈን ገጽ ቀማሪዋ ለዓመት ፈቃድ ስትወጣ መሳቢያዋ ውስጥ የቆለፈችበት ሌላ ዲስክ ነው። ካልተሰካ ዲስክ ላይ ቫይረስ አይደርስም። በኢንተርኔት ወደ ውጭ መላክንም አስበን ነበር፤ ቢሮው የነበረው መስመር ወደ ላይ የሚልከው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው። በዚያ ፍጥነት 1.1 ቴራባይት ለመላክ 51 ቀን ገደማ ያስፈልጋል፤ ያውም መብራት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ። ስለዚህ በየሳምንቱ ከማሽኑ ወጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ፈለግን። ቴፕ መረጥን።

ዕቃው

ቴፕ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የዘፈን ካሴትን ነው። መሠረቱ አንድ ነው፤ በመግነጢስ የሚጻፍበት ቀጭን ክር ነው። ኤልቲኦ የሚባለውን የቴፕ መስፈርት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤችፒ፣ አይቢኤምና ሲጌት በጋራ ናቸው። እኛ የወሰድነው በ2010 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለውን አምስተኛውን ትውልድ ነው። አንዱ ካሴት ውስጥ 846 ሜትር ክር ተጠቅልሏል፤ 1.5 ቴራባይት ይይዛል። ካርቶኑ ላይ 3 ቴራባይት ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ መረጃው በግማሽ ይጨመቃል ብሎ የሚያስብ ቁጥር ነው። የስካነር ሥዕልና ፒዲኤፍ ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ከዚያ በላይ እምብዛም አይቀንስም። ካሴት የሚገዛ ሰው በትንሹ ቁጥር ያስላ።

አዲስ ድራይቭ ከአቅማችን በላይ ስለነበረ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የጋሼ የወንድም ልጅ ያገለገለ ገዝቶ ይዞልን መጣ። በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ የሚገጠም፣ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚገባበትን ቦታ ያህል የሚይዝ ነው። ውጫዊውን ያልመረጥነው ዋጋው ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ገመዱ ይነቀላል፣ ቡና ይደፋበታል፣ አንድ ቀን ሌላ ነገር ለመሰካት ሲባል ሶኬቱን ይነጠቃል።

ገጠማው

ሳጥኑን ከፍቼ ድራይቩን ከማስገባቴ በፊት ጀርባውን አየሁት። ሳታ በሚባለው የተለመደ መሰኪያ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ጀርባ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሳታ ዲስክ ላይ የመረጃው መሰኪያና የኃይሉ መሰኪያ መካከል ክፍተት አለ። በዚህኛው ግን ክፍተቱ በፕላስቲክ ተሞልቶ ሁለቱ አንድ ወጥ ሆነዋል። ይህ ሳስ የሚባለው ዓይነት ነው። ክፍተቱ የተሞላው ተራ የሳታ ገመድ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ነው። የሳስ ካርድ የሳታ ዲስክን ማነጋገር ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሳታ ወደብ ግን የሳስ ዕቃን ማነጋገር አይችልም። ያገለገለ ድራይቭ በርካሽ አግኝተው «አልገባም አለኝ» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ሰርቨራችን የሳስ ካርድ ስለነበረው ደስ ብሎኝ ሰካሁት። ድራይቩ መብራቱን አበራ፣ ራሱን ፈተሸ፣ ካሴት ዋጠ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ፣ ግን ጨርሶ አላየውም። ሁለት ቀን ገመድ ስቀይር ዋልኩ። ካርዱ ሬይድ የሚሠራ ነበር፤ ዲስኮችን ሰብስቦ እንደ አንድ ዲስክ የሚያቀርብ። እንዲህ ያለ ካርድ የሚፈልገው ዲስክ ነው፤ ቴፕ ቢሰካበት ብዙውን ጊዜ ወደ ሥርዓተ ክወናው አያሳልፈውም። የሚያስፈልገን የተሰካበትን ዕቃ እንዳለ በቀጥታ የሚያሳይ ተራ ካርድ ነበር። ኤልኤስአይ 9211 የሚባለውን አስመጣን፤ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ያን ጊዜ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ካርዱ ከድራይቩ ጋር በአንድ ሻንጣ ይመጣ ነበር።

ካርዱ ሲደርስ ገጠማው ግማሽ ቀን ፈጀ። ሁለት ነገር ግን አንስቼ ማለፍ እፈልጋለሁ። አንደኛው ሙቀት ነው። የቴፕ ድራይቭ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ክሩም ይሞቃል፤ አየር ከፊት ገብቶ ከኋላ መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ የሳሳ ስለሆነ አንድ ማራገቢያ እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከድራይቩ ኋላ አንድ ማራገቢያ ጨመርኩ፤ ከላዩ ያለውንም ቦታ ባዶ ተውኩት።

ሁለተኛው የምድር ሽቦ ነው። ቴስተር ይዤ ሶኬቱን ስለካ በፌዙና በምድር ሽቦው መካከል 220 ቮልት ማግኘት ሲገባኝ ምንም አላገኘሁም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬቱን ሲፈታው ሽቦው ከጀርባ ተቆርጦ ቀርቷል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ኮምፒውተር ሲሠራ እንደነበረ ሳስብ አሁንም ይከብደኛል። ያ ካልተስተካከለ ካቻቪቴ አላነሳም አልኩ፤ ጋሼም ደገፉኝ።

ድራይቩን አብረውት በመጡት አጫጭር ብሎኖች አሰርኩ። ረጅም ብሎን ውስጥ ገብቶ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ሊነካ ይችላል። ከዚያ አስነሳሁት። ሊኑክስ ወዲያው አየው። 20 ጊጋባይት የሚሆን አቃፊ ጻፍኩበት፤ መልሼ አነበብኩት፤ ከዋናው ጋር አነጻጸርኩት፤ አንድም ባይት አልተለየም። ጋሼ ራሳቸው ቆመው አዩት፤ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ያን ዕለት የፈተንኩት ድራይቩን እንደነበረ፣ ሥራውን እንዳልነበረ የገባኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ሰኞ ማታ ሙሉውን 1.1 ቴራባይት ለመጻፍ አዘዝኩ። ድራይቩ በሰከንድ እስከ 140 ሜጋባይት ይጽፋል፤ በሒሳብ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች መጨረስ ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት ስመጣ ገና አልጨረሰም። ሳጥኑ አጠገብ ስቆም ድምፁን ሰማሁት፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ካለው የጥንት ማሽን የባሰ ድምፅ ነበር።

ቴፕ እንደ ዲስክ ባለበት ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ክሩ እየሮጠ መረጃው ካልደረሰለት የሚጻፍበትን ነጥብ አልፎ ይሄድና ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ካቆመበት ነጥብ እንደገና መነሳት ይኖርበታል። ይህ ድራይቭ ፍጥነቱን እንደ መረጃው አመጣጥ ይቀንሳል፤ በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ገደማ በታች ሲወርድበት ግን መመላለስ ይጀምራል። መመላለሱ ጊዜ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ክሩን ራሱንም፣ የሚጽፈውን ክፍልም ይፈትጋል። የእኛ ሰርቨር ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች የተሞላ ነው፤ ዲስኩ እያንዳንዱን ለመክፈት ሲባዝን ክሩ ይርበዋል።

መፍትሔው ሁለት ነበር። በመጀመሪያ መረጃው በሌላ ፈጣን ዲስክ ላይ በአንድ ትልቅ ፋይል ተጠቅልሎ እንዲዘጋጅ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ቴፕ እንዲፈስ አደረግኩ። ሁለተኛ፣ የምንጠቀምበት ታር የተባለው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚልከውን መጠን ከፍ አደረግኩ። ታር በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓተ ክወና ጋር የወጣ፣ ስሙን ራሱን ከቴፕ ያገኘ ፕሮግራም ነው። ካልነገሩት በአንድ ጊዜ 10 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚልከው፤ 256 ኪሎባይት አልኩት። ይህን መጠን ካሴቱ ላይ በወረቀት መጻፍ ይገባል፤ ሲነበብ ከዚያ ባነሰ መጠን ለማንበብ ከተሞከረ ድራይቩ ስህተት ይመልሳልና። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራው ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ድምፁ አንድ ወጥ ሆነ። በዚያ ድምፅ ተደስቼ ነበር።

ፊደሏ

የመጀመሪያው ዕቅድ በየቀኑ አዲስ ካሴት፣ በየካሴቱ ሙሉ ቅጂ የሚል ነበር። የካሴቱ ዋጋ ሲሰላ ግን ሃያ ካሴት ከበጀቱ አለፈ፤ አራት ብቻ ገዛን። ዕቅዱም ተለወጠ፤ አንድ ካሴት ለአንድ ሳምንት፣ ሰኞ ሙሉውን፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በዚያው ካሴት ላይ የቀኑን ለውጥ ብቻ በተከታታይ መጻፍ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ለመጀመሪያው ዕቅድ የጻፍኩትን ትእዛዝ ግን አልለወጥኩትም።

ሊኑክስ ለአንድ የቴፕ ድራይቭ ሁለት ስም ይሰጠዋል። አንዱ «ኤስቲ ዜሮ»፣ ሌላው «ኤንኤስቲ ዜሮ» ይባላል። ዕቃው ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሥራው ሲያልቅ የሚሆነው ነው። በመጀመሪያው ስም ከተጠራ ጽፎ ሲጨርስ ክሩን እስከ መጀመሪያው ይጠቀልለዋል። በሁለተኛው ስም ከተጠራ ባለበት ይቆማል፤ የሚቀጥለው ጽሑፍ ከዚያ ይቀጥላል። «ኤን» የተጨመረችው «አትጠቅልል» ለማለት ነው። በየቀኑ አዲስ ካሴት ለሚገባበት ዕቅድ መጠቅለሉ ትክክል ነው። ለእኛ አዲስ ዕቅድ ግን ጥፋት ነበር፤ ትእዛዜ ውስጥ የነበረው ስም «ኤን» የሌለበት ነው።

ስለዚህ ሰኞ ሙሉው ይጻፋል፤ ክሩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ማክሰኞ ማታ አራት አምስት ጊጋባይት የሚሆነው የቀኑ ለውጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጻፋል፣ በሰኞው ላይ። ረቡዕ በማክሰኞው ላይ፣ ሐሙስ በረቡዕ ላይ። ዓርብ ካሴቱ ሲወጣ ውስጡ የሚነበበው የዓርብ ለውጥ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በየራሱ ተሳክቷል፤ መዝገቡም የጻፈው እውነት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሰኞው መረጃ አብዛኛው ክሩ ላይ እንዳለ መቆየቱ ነው። አራት ጊጋባይት ከ1.1 ቴራባይት ላይ የሚሸፍነው ትንሽ ነው። ነገር ግን ድራይቩ አዲስ ጽሑፍ ሲጨርስ «መረጃው እዚህ ያበቃል» የሚል ምልክት ያኖራል፤ ከዚያ ምልክት አልፎ አያነብም። መግነጢሱ አለ፣ መንገዱ የለም።

ገጽ ቀማሪዋ ጥቅምት ላይ አንድ ነገር ብላኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገና በሌሊት ሥራ ገብታ ኖሮ «እትዬ፣ ይህ ዕቃ ሥራውን ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ የሚሽከረከረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መጨረሱ ነው» አልኳት። የሰማችው ክሩ ሲጠቀለል ነበር። እሷ ሰምታለች፤ እኔ መዝገቡን አንብቤ ረካሁ።

ፍለጋው

የጠፋው አቃፊ በሕይወት የሌሉ አንድ የቅኔ መምህር ስብስብ ነበር፤ ዘጠኝ ምዕራፍ፣ ከ300 ገጽ በላይ። ቤተሰቡ ለሙት ዓመታቸው ሁለተኛ እትም እንዲደርስ ጠይቋል። ከአሥር ቀን በፊት ሰርቨሩ ላይ ቦታ ሲለቀቅ ድጋሚ ቅጂ መስሎ ተሰርዟል። አሠራሩ እንደታሰበው ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ካሴቶች ቢያንስ በሁለቱ ላይ መገኘት ነበረበት።

የመጀመሪያውን ካሴት ከትቼ ይዘቱን ስዘረዝር አንድ መዝገብ (በአንድ ሌሊት የተጻፈ ጥቅል)፣ ጥቂት ጊጋባይት፣ ከዚያ የመረጃ መጨረሻ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስከት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራተኛውን ጋሼ ራሳቸው አቀበሉኝ። ሲያልቅ ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሰርቨሩን ወዲያው አጥፍተን ዲስኩን በማንበብ ብቻ ፈለግን። አሥር ቀን ሙሉ አዲስ ሥራ ተጽፎበት ስለነበረ ከዘጠኙ ምዕራፍ ሁለቱ ብቻ ሳይጎዱ ተገኙ። የቀሩት ሰባቱ ከታተመው መጽሐፍ ላይ እንደገና ተለቀሙ። ቅኔ ሲለቀም አንዲት ፊደል ስትሳሳት ወርቁ ይጠፋል፤ ስለዚህ የመምህሩ ደቀ መዝሙር የነበሩ አንድ አባት እየመጡ መስመር በመስመር አነበቡት። ስድስት ሳምንት ወሰደ። ለሙት ዓመቱ አልደረሰም። ለቤተሰቡ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ልናገር ቢሉኝም እምቢ አልኩ።

ትእዛዙ አሁን «ኤን» ያለበትን ስም ይጠራል። ይህ ብቻ ግን አልበቃኝም። እያንዳንዱ ሥራ ከመጻፉ በፊት ወደ መረጃው መጨረሻ ይሄዳል፤ የቆመበትን የመዝገብ ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ ከዕለቱ ጋር ካልገጠመ አይጽፍም፣ ለእኔና ለገጽ ቀማሪዋ መልእክት ይልካል። ዓርብ ማታ ካሴቱ ተጠቅልሎ የሳምንቱ መዝገቦች በሙሉ ተራ በተራ ይነበባሉ። ከዚያ ይወጣል፣ እንዳይጻፍበት የሚቆልፈው ማንሸራተቻ ይገፋል፣ ጋሼ ቤት ይሄዳል። እዚያ ያለው ቁም ሳጥን ከማእድ ቤቱ ይርቃል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ካሴት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ያልበዛ እርጥበት ይስማማዋል።

ሁለተኛው ፈተና

ሚያዝያ ላይ እውነተኛ ፈተና እናድርግ አልኩ። ገጽ ቀማሪዋ ሳትነግረኝ አንድ አሮጌ መጽሐፍ መረጠች፤ በ1994 ዓ.ም. ፔጅሜከር በተባለ የገጽ መቀመሪያ ፕሮግራም የተቀመረ። ከካሴቱ ላይ ያወጣሁትም በሰርቨሩ ወይም በእሷ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ገና በተገዛ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይሉ ተገኘ። ከዋናው ጋር ሲነጻጸር አንድም ባይት አልጎደለም። ተከፈተ፤ ገጾቹም በቦታቸው ናቸው። ፊደሉ ግን ግዕዝ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ተደባልቆ የሞላበት ገጽ ነው ያየነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም፤ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ያስታውሰዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መስፈርት፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ ቢሯችን የደረሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ዘግይቶ። ቀድሞ የነበሩት ፎንቶች፣ የፊደላቱን ቅርጽ የያዙት ፋይሎች፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ፊደሉ በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፈል ነበር። በዚያ ዘመን የተቀመረ ገጽ ያለ ፎንቱ ትርጉም የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ብቻ ነው። ፎንቶቹ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ አልነበሩም፤ በየሠራተኛው ኮምፒውተር የሥርዓት አቃፊ ውስጥ ነበሩ። ያ አቃፊ በመጠባበቂያው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቴፑ ያለ እንከን ሠርቶ፣ ትእዛዙ ተስተካክሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ቢቃጠል ኖሮ የምናወጣው ማንም የማያነበው ገጽ ነበር።

ሁለት ሳምንት ፎንት ስንለቅም ቆየን። አንዱ የተገኘው በ1990ዎቹ የሠራ፣ ማንም የማያበራው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንዱን ደግሞ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ቤቱ ካስቀመጠው ፍሎፒ ላይ አመጣልን፤ ፍሎፒው በሦስተኛው ሙከራ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው፣ ከሰኞው ሙሉ ቅጂ በፊት፣ ቁጥር ዜሮ መዝገብ፣ ፎንቶቹ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ጋር የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ፎንት እንደተቀመረ የሚናገር ዝርዝር አለ።

ግንቦት ላይ ያንኑ ፈተና ደገምነው። እኔ ከበሩ ሳላልፍ ቆምኩ፤ ማስተማሪያ ወረቀቱን ይዛ ሁሉንም የሠራችው ገጽ ቀማሪዋ ናት። ካሴቱን ከተተች፣ ቁጥር ዜሮን አወጣች፣ ፎንቶቹን ጫነች፣ መጽሐፉን ከፈተች። የመጀመሪያው ገጽ በግዕዝ መጣ። የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ ገጹን አትማ ለጋሼ ወሰደችላቸው።